ከሦስተኛው ረድፍ የሚሰማ ድምፅ

ላቮን ብሩንስ ማይኩን የያዘችው በጥርስ ሕመም ምክንያት ነው። የታመመችው እሷ አይደለችም። የኤልም ፎርድ ኮሌጅን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ በኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ሰውዬ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ጉንጩ አብጦ መጣ። አጠገቡ የተቀመጠችው ላቮን ነበረች። ለዛሬ ብቻ ያዥልኝ አላት፤ ያዘችለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እብጠቱ ጎድሎለት ሲመጣ ላቮን የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ሰውዬው ትንሽ ቆም ብሎ አያት፤ ከዚያ ፈንዲሻ ገዝቶ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጠ። በእኛ አገር ሰውን ከወንበር ላይ ተነሥ አይሉም።

አገራችን የደቡብ ዳኮታ ምሥራቅ ጫፍ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ንፋስ። ላቮን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በገጠሩ መንገድ ፖስታ ታድል ነበር። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ልጅ ደብዳቤ መጻፍ እንዳቆመ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ታውቃለች። ጨዋታም የምታስተላልፈው እንደ ፖስታ አዳይ ነው፤ ሁሉም ነገር አድራሻ አለው። «አምስት ቁጥር ኳስ ያዘች» አትልም። «ኬሲ ያዘች፤ የሜርል ፔተርስ ልጅ፣ ከድልድዩ ወዲያ ካለው ቤት። አባቷም እንደዚሁ ነው፣ አንዴ የያዘውን አይለቅም» ትላለች። የተጋጣሚዎቹንም ልጆች አትተውም። ከጨዋታው በፊት አሠልጣኛቸው ዘንድ ሄዳ የየት አገር ልጆች እንደሆኑ ትጠይቃለች። አሠልጣኞች ጨዋታውን አስቁመው ዕረፍት ሲወስዱ ደግሞ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች በየስማቸው እየጠራች ሰላምታ ታቀርባለች፤ መድኃኒታችሁን ዋጡ ትላቸዋለች።

እኔ ያኔ የወረዳው ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። በሙያ ዓይን ካየነው ሥራዋ ጥሩ አልነበረም። ታዳላለች። ነጥቡን መናገር ትረሳለች። ዳኛ ትሰድባለች፤ በጨዋ ቋንቋም ቢሆን ትሰድባለች። ግን ወረዳው በሙሉ ይሰማታል። ገበሬው ማሽኑን እየጠገነ ይሰማታል። የክረምቱን ብርድ ሽሽት አሪዞና የወረዱት ሽማግሌዎች መዋኛ ዳር ተቀምጠው ይሰሟታል። ስርጭቱ በነፃ ነበር። አንድ ካሜራ፣ አንድ ማይክ፣ አንዲት ላቮን።

ከዚያ ሊጉ የስርጭት መብቱን ሸጠ።

ሊጋችን ዘጠኝ ትናንሽ ኮሌጆች ያሉበት ነው። አሥር ነበሩ፤ አንዱ ተማሪ አጥቶ ተዘጋ። የተቀሩትም እንቅልፍ የላቸውም። አዲሱ የሊጉ ኃላፊ፣ ኮሚሽነር ግራንት ካሎዌይ፣ ከጆርጂያ የመጣ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ጫማው ንጹሕ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን ያያል። በጸደይ ወራት የኮሌጆቹን ፕሬዚዳንቶች አንድ ሆቴል ሰብስቦ ውሉን አስረዳቸው። የዘጠኙን ኮሌጆች ጨዋታ ሁሉ አንድ ኩባንያ ብቻ ያስተላልፋል። የሚያይ ሰው በየወሩ ይከፍላል። ካሜራው ጣሪያ ላይ ይገጠማል፣ ኳሱን በራሱ ይከተላል፤ የሚናገር ሰው አያስፈልገውም። ከእያንዳንዱ ኮሌጅ ሃምሳ ማይል ዙሪያ ያለ ሰው ደግሞ ቢከፍልም ማየት አይችልም፤ አዳራሽ መጥቶ ትኬት ይግዛ ተብሎ ነው።

ካሎዌይ ተናግሮ ሲጨርስ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዘጠኙም ጠረጴዛውን አዩ። አንዱ ኬክ ቆረሰ። አንዱ ስለዚያ ሰሞን ጎርፍ አነሣ። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ እምቢ ማለቱ ነው፤ ከዚህ በላይ እምቢ ማለት ብልግና ነው። ካሎዌይ ግን ዝምታ ስምምነት ከሆነበት አገር ነው የመጣው። እንግዲያው ተስማምተናል ብሎ አመሰገናቸው። ዘጠኙም ሌላው ደውሎ ይነግረዋል እያሉ ወደየቤታቸው ነዱ። ማንም አልደወለም። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይባላል። በእነዚህ ላይ ደግሞ ነብር እንኳን አልመጣባቸውም፤ ትሑት ሰው ነው የጨረሳቸው።

ለላቮን የመንገር ዕጣ የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ዴል ኦስትቢ ላይ ወደቀ። ዴልና ላቮን አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ቤቷ ድረስ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ።

«በረዶ የሚጥል ይመስላል» አላት።

«ገና መስከረም ነው፣ ዴል። ምን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

ነገራት። ማይኩ ዕቃ ቤት እንደገባ፣ ማንም ሰው የሊጉን ጨዋታ በሌላ መንገድ ማስተላለፍ እንደማይፈቀድለት፣ ለአገልግሎቷ ግን የምስጋና ሰሌዳ እንደሚሠራላት። ላቮን ሰሌዳውን የት እንደሚሰቅለው ነገረችው። ዴል ይህን ሲያወራ ጆሮው ይቀላል። እኔ ላትመው አልችልም።

ከሁሉ ያስቆጣት ግን የማይኩ ጉዳይ አልነበረም፤ ሜርል ፔተርስ ነው። ሜርል በበጋው ከእህል ጎተራው አናት ወድቆ ወገቡ ተሰብሯል። የከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተኝቷል፤ ወንበር ላይ እንኳ እንዲቀመጥ ሐኪሙ አልፈቀደለትም። ለልጁ ለኬሲ ያ ዓመት የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ከአዳራሹ እስከ አልጋው ጥቂት መንገድ ነው፤ ስለዚህ ውሉ ሜርልን አዳራሽ መጥቶ ትኬት መግዛት የሚችል ሰው ብሎ ቆጥሮታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታውን ሲከፍቱለት «በአካባቢዎ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ነው የሚወጣው።

ላቮን ልትጠይቀው ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ኬሲን እኔ ነኝ የማስተላልፍልህ» አለችው። «እስከ መጨረሻው ጨዋታ።»

«ከልክለውሻል ሲሉ ሰማሁ።»

«ለተኛ ሰው ብዙ ትሰማለህ።»

በመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ላቮን እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጣ ገባች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አርዲስ ኮልቤክ አጠገብ ተቀመጠች፤ የአረጋውያን መኖሪያው ጋ ደወለች። እዚያ ያለችው ረዳት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ የሜርልንም አልጋ እየገፋች አመጣችው። ላቮን በሹክሹክታ ጀመረች። ሹክሹክታው የመጀመሪያውን ሩብ አላጋመሰም። ዳኛው ኬሲ ላይ ያላግባብ ፋውል ሲነፋ የድሮው ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም።

እሷም እኛም ያላወቅነው አንድ ነገር ነበር። የኩባንያው ሰዎች የጫማ ሲጥሲጥታና የኳስ ድምፅ እንዲያነሣላቸው አንድ ማይክሮፎን ጣሪያው ላይ ገጥመዋል። የገጠሙት ልክ ከሦስተኛው ረድፍ በላይ ነው። ላቮን ለሜርል የምትለውን ሁሉ ከፋይ ደንበኞች አሪዞና ድረስ ጥርት አድርገው ሰሙት። በማግሥቱ ለኩባንያው ምስጋና ጎረፈለት። ካሜራው አንዳንዴ ኳሱን ትቶ የፈንዲሻ ሻጩን ይከተላል እንጂ ሴትዮዋ ግሩም ናት የሚል ነበር አብዛኛው።

ኩባንያው አልሳቀም። ውሉ ተናጋሪ የሌለበት ንጹሕ ድምፅ ነው የሚለው፤ ይህቺ ደግሞ ያልተፈቀደላት አስተላላፊ ናት። ካሎዌይ ዴል ጋ ደወለ። ዴል ላቮን ጋ ሄዶ ስለ ንፋሱ አወራ። ሌላ ቦታ ብትቀመጥ ምን እንደሚመስላት ጠየቃት፤ ወንበሩ ደህና ነው አለችው። ስልኳን ቤት ትታ ብትመጣስ? ስልኩን የገዛሁት እንድደውልበት ነው አለች። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ፤ ዴል ይመጣል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ይሄዳል። ላቮን ግን አንድም ጨዋታ አላስታጎለችም።

የካቲት ላይ የሊጉ ግማሽ ፍጻሜ በእኛ ሜዳ ሆነ። ከተሸነፍን የኬሲ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ካሎዌይ ራሱ መጣ። ላቮንን ወደ ዴል ቢሮ አስጠራት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ዲክ ኤንግብሬትም መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እኔም ገባሁ። ማንም ውጣ አላለኝም፤ ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው።

ካሎዌይ በትሕትና ጀመረ። ሊጉ ገቢ ካላገኘ የሚቀጥለው የሚዘጋው ኮሌጅ የትኛው እንደሚሆን አያውቅም፤ ኤልም ፎርድም ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ውሉ ተጥሷል ብሎ ከወጣ ዘጠኙም ይጎዳሉ። እውነቱን ነበር።

«ወይዘሮ ብሩንስ፣ እኔ ጠላትዎ አይደለሁም» አላት።

«ጠላት የሚል ቃል አልወጣኝም። እንግዳ ነህ ነው የምለው።»

«ሲያስተላልፉ ተሰምተዋል።»

«ከታመመ ሰው ጋር በስልክ አወራለሁ። ይህ ነው ጥፋቴ?»

«ምግብ አዳራሹ ሞልቶ ይሰማዎታል። እስከ አሪዞና ድረስ ይሰማዎታል።»

«ማይክሮፎኑን ራሴ ላይ የሰቀለው ማን ሆነና? ድምፄ ከተፈጥሮው ትልቅ ነው፣ ጌታው። እናቴን ብትጠይቃት ጥሩ ነበር፤ ሞታለች።»

ካሎዌይ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ግን ሥራው ነው። ዛሬ አንድ ቃል ብታስተላልፍ ከአዳራሹ እንደምትወጣ፣ ውሉ እስኪያልቅም እንደማትገባ ነገራት። ይህ የእሱ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ዘጠኙም ፕሬዚዳንቶች የተስማሙበት ነው አለ።

ላቮን ወደ መስኮቱ ዞረች። «ዲክ፣ አዎ ብለሃል?»

ዶክተር ኤንግብሬት መነጽራቸውን አወለቁ። «ምንም አላልኩም።»

«የሚቃወም አለ ብዬ ጠየቅሁ» አለ ካሎዌይ። «ማንም አልተናገረም።»

«እዚህ አገር ሰው ዝም ካለህ እምቢ አለህ ማለት ነው» አለችው።

«ታዲያ ለምን እምቢ አላሉም?»

ሰውዬው የጠየቀው ጥያቄ አገራችን ከተቆረቆረች ጀምሮ ማንም ያልጠየቀው ነው።

«አሁን ንገረው፣ ዲክ» አለች። «እዚሁ ቆሟል። ንገረው።»

ዶክተር ኤንግብሬት በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። በረዶ መንገዱን ሳያበላሽ ጨዋታው በጊዜ ቢጀመር ጥሩ ነው አሉ። ዴል በጣም ትክክል ነው አለ።

ላቮን ካፖርቷን ቆለፈች። «እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አለችው ካሎዌይን። «እምቢ። ሰማህ? በእነሱም ፋንታ፣ በራሴም ፋንታ፤ እምቢ።»

ወጥታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠችና ደወለች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካሎዌይ የወረዳውን ፖሊስ፣ የሸሪፉን ረዳት ለስ ኖቫክን አስከትሎ በሩ አጠገብ ቆመ። ኳሱ ገና ወደ ላይ እንደተወረወረ ላቮን ጀመረች። «ሜርል፣ ልጅህ ፀጉሯን አሥራለች፤ ዛሬ ቀልድ የለም» አለች። ካሎዌይ ለለስ ምልክት ሰጠው። ለስ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። ላቮን ፖስታ ስታድል የእሱን ቤት ደብዳቤ ለዓመታት ያደረሰች ሴት ናት፤ ውሻው ሁለቴ ነክሷታል።

«ላቮን፣ እንውጣ» አላት።

«ኬሲ ኳስ ይዛለች።»

ለስ ዞር ብሎ አየ። እውነቷን ነበር። «እሺ፣ ሩቡ ይለቅ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። ካሎዌይ ከታች ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ለስ እጁን አጣምሮ ጨዋታውን አየ፤ አንዴ እንዲያውም አጨበጨበ። ሩቡ ሲያልቅ ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ።

ላቮን ከዚህ በላይ እንደማያቆይላት ገባት። ተነሣች። ግን ስልኩን አልዘጋችም። ወደ አርዲስ ኮልቤክ ዞራ እጇ ላይ አኖረችው።

አርዲስን ማወቅ አለባችሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንት ክረምት ተቀምጣለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለኬሲ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ምግብ ቤት የተሳሳተ ሳህን ቢያመጡላት በልታ ከፍላ ትሄዳለች። ስልኩን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ያዘችው።

ሁለተኛው ሩብ ተጀመረ። አርዲስ ስልኩን አየችው።

«ሜርል» አለች። «አርዲስ ነኝ። ኬሲ ኳስ አግኝታለች። ወረወረች። ገባ። አይ፣ አልገባም። ቆይ፣ የእኛዎቹ ነጭ የለበሱት ናቸው አይደል?»

ካሎዌይ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ ወጣና አጎነበሰ። «እመቤቴ፣ እባክዎ ያንን ስልክ ይዝጉት።»

አርዲስ ቀና ብላ አየችው። ዘመዶቿ በሙሉ፣ አያቶቿ ጭምር፣ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ስልኩን ዘግተው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር።

«አይ» አለች።

ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጣሪያው ላይ ያለው ማይክሮፎን ግን አልሳተውም። ካሎዌይ እሷም እንደምትወጣ ነገራት። ከኋላዋ የተቀመጠው የቆዳ ጃኬት የለበሰ አሳማ አርቢ አፉ ውስጥ ያለውን ፈንዲሻ ውጦ፣ እሷ ከወጣች ስልኩ የእኔ ነው አለ። ከእሱ ጎን ያለችው ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ አለች። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ዞር ብላ ተራ ያዙልኝ አለች፤ የዶክተር ኤንግብሬት ሚስት ናት። ዶክተሩ የነጥብ ሰሌዳውን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያነቡ ነበር።

ለስ ካሎዌይ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገ። «አንድ ሰው ነበር ያልከኝ» አለው። «መኪናዬ አውቶቡስ አይደለም።»

አርዲስ በዚህ መሐል ንግግሯን አላቋረጠችም ነበር። «አንዷ ወድቃለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅኩም። ተነሣች፣ ደህና ናት» ትላለች።

አዘጋጄ የሚፈልገው ነጥቡን ነው፤ እኔ ግን ጨዋታውን ትቼ ለስንና ላቮንን ተከትዬ ወጣሁ። ሁለታችንንም ለስ በመኪናው ጫነን። ወዴት ልውሰድሽ አላት፤ ወደ ሜርል አለችው። በረዶው ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ ለስ ታግደሻል ማለት ነው አላት። ላቮን አዎን ብላ የእጅ ጓንቷን ትፈልግ ጀመር። እገዳው እስካሁን አልተነሣም፤ ውሉም አለ። በየጨዋታው ስልኩን የሚይዝ ሰው ይቀያየራል፤ ካሎዌይ ሁሉንም ላስወጣ ቢል ትኬት የሚቆርጥለት ሰው አያገኝም። በሚቀጥለው ጸደይ ስብሰባ ላይ ከዘጠኙ ፕሬዚዳንቶች ሦስቱ አፍ አውጥተው ተቃወሙ ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኛው ከሦስቱ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ ማንም አልነገረኝም። ቤታቸው ውስጥ ግን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ እንደተወራ አልጠራጠርም።

ያን ቀን ስንደርስ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ስልኩን ከበው ተቀምጠዋል፤ የሜርል አልጋ ጠረጴዛው ጥግ ድረስ ተገፍቷል። ላቮን ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ አዳመጠች። አርዲስ አሁን ድምፅ አውጥታለች። የምታስተላልፈው ግን ለመስማት የሚያሳቅቅ ነበር። ማን እንደሚመራ አትናገርም። ቅጣት ምቱን «ያ ብቻቸውን የሚወረውሩት» ትለዋለች። ኬሲን ግን አትስታትም፤ ኬሲ ሮጠች፣ ኬሲ ዞረች፣ ኬሲ እጇን አነሣች፣ ኬሲ አየር ላይ ናት።

ላቮን አልቻለችም። ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ «ነጥቡ ስንት ነው? አርዲስ፣ ነጥቡን ንገሪን፣ ሰሌዳው ፊትሽ ነው!» አለች።

«ማነው የሚጮኸው?» አለች አርዲስ ከወዲያ።

ሜርል ወገቡን ማንቀሳቀስ ስለማይችል ጭንቅላቱን ብቻ ወደ ላቮን መለሰ።

«ዝም በይ፣ ላቮን» አላት። «ልጄ ኳስ ይዛለች።»

ላቮን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና መስማት ጀመረች።